ቅዳሜና እሑድ፤ ከጃን ሜዳ እስከ እንጦጦ

የሥራ ሳምንት ዐርብ ማታ ያበቃል የሚሉ ሰዎች ልጆች የሌሏቸው ሰዎች ይመስሉኛል። በኛ ቤት ዐርብ ማታ የሚያበቃው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ ነው፤ የእናትና የአባት ሥራ ግን በዚያው ሰዓት እንደ ገና ይጀመራል። ሦስት ልጆች አሉን። ታላቁ ወንድ ልጃችን 13 ዓመት የሆነው ሲሆን ሩጫ ይለማመዳል፤ መካከለኛይቱ የ10 ዓመት ልጅ በገና ትማራለች፤ ታናሹ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ወፎችን እየተመለከተ በደብተር የመሣል ፍቅር አድሮበታል። የሦስቱም ፍላጎት በየአቅጣጫው ስለ ሆነ፣ አንዱን ስናደርስ ሌላውን ስንቀበል፣ ሁለቱ የዕረፍት ቀኖች ከአምስቱ የሥራ ቀኖች ይልቅ ያደክሙናል።

ይህ ሁሉ እንዳይደበላለቅብኝ በወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ። በወረቀቱም ላይ የቅዳሜና የእሑድ ሰዓት ሁሉ ተከፋፍሎ፣ ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ማንን እንደሚያደርስ፣ የማን ጫማ መታጠብ እንዳለበት በእጄ ተጽፎበታል። ባለቤቴ ይህን ወረቀት «ዐዋጅ» ብሎ ሰየመው። ልጆቹም ስሙን ወደዱት፤ ዐርብ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ታናሹ ወንበር ላይ ቆሞ «ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ!» እያለ ገና በቅጡ ማንበብ በማይችለው አፉ ያውጀዋል። በዚህ ጽሑፍ የምተርከው ባለፈው የጥር ወር መጨረሻ፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ በዚሁ ዐዋጅ ተመርተን ያሳለፍናቸውን ሁለት ቀኖች ነው።

መኖሪያችን በቀበና ነው። ቅዳሜ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሥተን፣ ታላቁ በሶውን በጥብጦ ጠጣ፤ ታናሹ ደብተሩንና እርሳሱን ያዘ፤ እኅታቸውም «ሯጩ እርሱ፣ የምቀሰቀሰው እኔ!» እያለች እያጕረመረመች ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችን። የጥር ጧት በአዲስ አበባ እንደሚታወቀው ሰማዩ የጠራ፣ ብርዱም ጆሮ የሚቈነጥጥ ነው። ይሁን እንጂ ከቀበና ወደ ጃን ሜዳ የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለ ሆነ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግማሹን ሳያልፍ ብርዱን ይረሳዋል። ታላቁ ዳገቱን ለማሟሟቂያ ብሎ እየሮጠ ይቀድመንና ከላይ ሆኖ ይጠብቀናል።

ጃን ሜዳ በቀድሞ ዘመን የነገሥታቱ ሜዳ ነበረ። የጦር ሠራዊት ሰልፍ የሚታይበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ የከተማውም ሕዝብ በዓል ለማየት የሚሰበሰብበት ሰፊ ስፍራ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ከልዩ ልዩ አድባራት የሚወጡት ታቦታት የሚያድሩት እዚሁ ነው፤ ይህም በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከዓለም ቅርሶች ጋራ ተጽፏል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ወደዚህ ተዛውሮ፣ ሩጫና ኳስ የለመደው ሜዳ ለብዙ ወራት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ እንደ ነበረ የማያስታውስ የከተማው ሰው የለም። በሚከተለው ዓመት ጥምቀት ሳይደርስ ገበያው ተነሣና ሜዳው ተጸዳ። ታላቁ ልጄ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ነበረ፤ ጃን ሜዳ ሲባል አሁንም የተረገጠ ጎመን እንደሚሸተው ይናገራል።

እኛ በደረስን ጊዜ ፀሐይ ገና ከየካ ኰረብታ ብቅ ማለትዋ ነበር። ሁለት ድንጋይ እንደ ጎል አቁመው ኳስ የሚራገጡ ልጆች፣ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ብሎ ያዘዛቸው የሚመስሉ ካፖርት የለበሱ አዛውንቶች፣ ግንባራቸውን በሻሽ ጠቅልለው በሰልፍ የሚሮጡ ወጣቶች፣ ሁሉም አንዱ ያንዱን መንገድ እየለቀቀ ሥራውን ይሠራል። የጥምቀቱ ሕዝብ ሣሩን ረግጦት ስለ ነበረ አቧራው እስከ ጕልበት ይነሣል። ከዚህ ሜዳ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ አንድ ታሪክ በቃሉ ያውቃል፤ ይኸውም አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሮጦ ማሸነፉን ነው። ልጆቹ ቊጥሩን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙታል።

እኔ ደግሞ የራሴ ታሪክ አለኝ። በ1984 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትር ሮጣ የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ በጎረቤት ቴሌቪዥን አይቻለሁ። ከጥቍር አፍሪቃ ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያይቱ እርስዋ ናት። ሩጫው ካለቀ በኋላ ከደቡብ አፍሪቃዊቷ ከኤላና ማየር ጋራ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ የጎረቤታችን ባለቤት ሲያለቅሱ አየሁ፤ ወንድ ሰው በሩጫ ምክንያት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ እኔም መሮጥ ጀመርሁ። አራት ዓመት ያህል ለትምህርት ቤቴ ሮጥሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን በቤት ውስጥ «ትልቅ ሴት ልጅ ሜዳ ለሜዳ አትዞርም» ስለ ተባለ ጫማዬን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼ ተውሁት። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ የዘመኑ አስተሳሰብ እንዲህ ነበረ። ነገር ግን ልጄ በ11 ዓመቱ «መሮጥ እወዳለሁ» ባለኝ ቀን፣ ሳልውል ሳላድር ወደ ገበያ ወጥቼ የሩጫ ሰዓት ገዝቼ የተመለስሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሰዓት ይዤ ከሜዳው ዳር ቆሜአለሁ። የያንዳንዱን ቅዳሜ ውጤት በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ፤ ከባለፈው ጋራ አስተያያለሁ፤ ማታም ለባለቤቴ አነብለታለሁ። የዚያን ቀን አሠልጣኙ ስድስት ዙር አዘዛቸው። ልጄ ሦስቱን ዙር በመልካም ሮጠ፤ በአራተኛው ከኔ ፊት ጥቂት እልፍ እንዳለ ረግቶ ቆመ፤ ከዚያም ከሜዳው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሮጬ ደረስሁበት።

«ምን ሆንህ? እግርህን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እግሬ ደኅና ነው» አለኝ።

«ታዲያ ተነሣ እንጂ፤ ሰዓቱ እኮ እየቈጠረ ነው!» አልሁት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በዝግታ እንዲህ አለኝ፤ «እማዬ፣ ሩጫውን አልጠላሁትም። ግን በያንዳንዱ ዙር ባንቺ አጠገብ ሳልፍ ፊትሽን አያለሁ። ፈጥኜ እንደ ሆነ፣ ዘግይቼም እንደ ሆነ ከፊትሽ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል።»

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱ በእጄ ውስጥ መቍጠሩን አልተወም ነበርና አጥፍቼው ከቦርሳዬ ከተትሁት። አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ፣ በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ አጥንቱና ጅማቱ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ በየሳምንቱ ሰዓት ባይያዝበት እንደሚሻል በትሕትና ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ባለፈውም ዓመት ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሰነፍ አሠልጣኝ ምክር መስሎኝ በልቤ ንቄው ነበር።

ዐዋጁ አይጠብቅምና ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሄድን። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ላለቁት ሰማዕታት የቆመው ሐውልት አጠገብ ታናሹ እንደ ልማዱ ቆሞ በሐውልቱ ላይ ስንት ርግብ እንዳረፈ ቈጠረ፤ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ቅጥር ገባን። ይህ ቦታ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ ስለ ሰጡት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ሆኖአል። በውስጡ ያለው ሙዚየም የአገራችንን የዜማ መሣሪያዎች ሰብስቦ ይዟል፤ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው በየረድፉ ተቀምጠዋል። ሴት ልጄ ግን ሌላውን ሁሉ እንዳላየች አልፋ ከበገናው ፊት ቆመች። ቁመቱ ከርስዋ ቁመት ብዙም የማያንስ ነው። ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «አውታሩ ረግቧል፤ ማንም አይቃኘውም ማለት ነው» ብላ አዘነች። ዘበኛው ሰምቶ ሣቀ።

የበገና ትምህርትዋ ቅዳሜ በ8 ሰዓት፣ በሰበካችን የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ምሳችንን በችኰላ በልተን ደረስን። በመጀመሪያ ይህ ትምህርት ለአንዲት የከተማ ሕፃን ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን በሳምንቱ ውስጥ እኔ ራሴ የማርፍበት ሰዓት እርሱ ብቻ ሆኗል። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ሊቃውንቱም ቊጥሩን ከአሠርቱ ትእዛዛት ጋራ ያመሳስሉታል። አውታሮቹ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። በጣት ለሚመታው አንዳንዶቹ አውታሮች ብቻ ድምፅ ሲሰጡ የቀሩት ጣቶቹ የሚያርፉባቸው ናቸው። ለጆሮ እንግዳ የሆነው፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጕረመርመው ድምፅ የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቍራጮች ነው፤ እነዚህም በያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋራ እየተነካካ ይንቀጠቀጣል። ቆዳው የጥፍር ያህል ከቦታው ፈቀቅ ካለ ድምፁ ወዲያው ይሞታል፤ ስለዚህ ደቀ መዝሙሩ ገና ምንም ሳይደረድር እንዚራውን ማስተካከልና አውታሩን መቃኘት መማር አለበት።

የዚያን ቀን ሴት ልጄ ከአንድ ሰዓት ትምህርት አርባውን ደቂቃ በአንድ አውታር ላይ አዋለችው። ስታጠብቀው ይከራል፤ ስትለቀው ይረግባል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በልቤ «መቼ ነው አንድ መዝሙር የምትጨርሰው?» እያልሁ ነበርና፣ መምህሩ ወደኔ ዘወር ብለው «ወይዘሮ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት አለን፤ አይቸኵሉ» አሉኝ። አንድም ቃል አልተናገርሁም ነበር። ታላቁ ልጄ ይህን ሰምቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲሥቅ አየሁት፤ እንግዲያው ፊቴን የሚያነበው እርሱ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ሰዓት መምህሩ ለልጆቹ ስለ ዓለሙ አጋ ነገሩአቸው። እኒህ ስመ ጥር በገና ደርዳሪ በእንጦጦ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ጎረቤት ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ዘንድ በገናን ተምረዋል፤ በኋላም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ሴት ልጄ የሰማችው «ጎረቤት» የሚለውን ቃል ነው፤ ወደ ቤት ስንመለስ በቀበና ካሉት ጎረቤቶቻችን ማን ምን እንደሚያውቅ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከግራ ያሉት ጎረቤታችን የመኪና ጎማ መለጠፍ ያውቃሉ ብላት አልተደሰተችም።

የቅዳሜ ማታ የልብስ እጥበትና የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ስለ ነበረ የሚወራ ነገር የለውም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን ታላቁ ያለኝን ለባለቤቴ ነገርሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና «በሚቀጥለው ወር የሚደረገው የሰፈር ውድድርስ?» አለ። «እኔን የሚያስጨንቀኝም እርሱ ነው፤ የተመዝጋቢዎች ስም የሚዘጋው ማክሰኞ ነው» አልሁት። ስሙን ለማስመዝገብም ለመተውም ሳንወስን ተኛን።

እሑድ የታናሹ ቀን ነው። ከቅዳሴ መልስ ቍርሳችንን በልተን፣ በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ ሄድን። ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች የሚኖሩበት፣ የሐበሻ ልብስ በየሱቁ በር እንደ ሰንደቅ የሚንጠለጠልበት ሰፈር ነው። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ በሌላ ታክሲ ወጥተን እንጦጦ ማርያም ደረስን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ ታላላቆቹ ሯጮቻችን እዚህ የሚለማመዱትም ደማቸው ስስ አየርን መሸከም እንዲለምድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውም ከአጠገቡ ይታያል። ከዚህ ኰረብታ ሲመለከቱ ከተማው በሙሉ ከእግር ሥር ነው። ኰረብታውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣው በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው፤ የከተማው ማገዶ እያለቀ በሄደበት ጊዜ አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ዛፍ ነው ይባላል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለቤተ ሰብ መዝናኛ የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን ታናሹ ወፍ ጫጫታ ባለበት አትቀመጥም ብሎ ወደ ጫካው ዳር ወሰደን።

የርሱ ሕግ ብርቱ ነው፤ ያልሣለው ወፍ እንዳላየው ይቈጠራል። በመጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ማጅራትዋ ነጭ የሆነች ርግብ ሣለ። ቀጥሎ ረጅም ጎባጣ አፍ ያላቸው፣ እየጮኹ በመንጋ የሚበርሩ ወፎች በሣሩ ላይ አርፈው ትል ሲለቅሙ አገኘ፤ አንገታቸው ላይ እንደ ጌጥ የተንጠለጠለችውን ሥጋ ለመሣል ሦስት ጊዜ ላጲስ ፈጀ። እነዚህ ሁለት ዐይነት ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ አገር አይገኙም። በአገራችን ከ800 የሚበልጡ የወፍ ዐይነቶች ተቈጥረዋል ብዬ በነገርሁት ጊዜ፣ ታናሹ ደብተሩን ገልጦ የቀረውን ገጽ ቈጠረና ሌላ ደብተር እንድገዛለት ጠየቀኝ።

በመጨረሻ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አፉ እንደ መጥረቢያ የወፈረ ትልቅ ቁራ ከግንድ ላይ አረፈ። ታናሹ ራሱንና አፉን እንደ ሣለ ቁራው ተነሥቶ በጠርዙ መንገድ በረረ። ልጁ «ክንፉን ሳልጨርስ!» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ታላቁ ምንም ሳይል ነጠላ ጫማውን አውልቆ ቁራው በሄደበት መንገድ ሮጠ። ያሯሯጡ ነገር ከጃን ሜዳው የተለየ ነበረ፤ ራሱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ በሥሩ እየዘለለ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላው እየዞረ «ይኸው! እዚያ አረፈ!» ይል ነበር።

በዚያ መንገድ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ከጫካው ሲመጡ አገኘናቸው። ሸክሙ ከትከሻቸው ሁለት እጥፍ ይሰፋል፤ ወገባቸው ጐብጦ የሚያዩት መሬቱን ብቻ ነው። ከነርሱም መካከል ከሴት ልጄ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ከፊት ያሉት እናት ልጄ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አሉና «እትዬ፣ ልጁን ማን አባረረው?» ብለው ጠየቁኝ። «ማንም አላባረረው፤ ቁራ እየተከተለ ነው እናቴ» አልኋቸው። ሴትዮዋ «ቁራ!» ብለው ከሸክማቸው ሥር ሣቁ፤ ወደ ታችም ወረዱ። ሴት ልጄ ሸክም የያዘችውን ልጅ እስክትሰወር ድረስ በዐይንዋ ተከተለቻት፤ ከዚያም «እርስዋስ እሑድ ምን ትማራለች?» አለችኝ። የምመልስላት ስላጣሁ ዝም አልሁ፤ እስከ ዛሬም አልመለስሁላትም።

አሁን የምጽፈውን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁም። ታላቁ መሮጥ በጀመረ ጊዜ እጄ በልማድ ወደ ቦርሳዬ ገብቶ የሰዓቱን ቍልፍ ተጭኖት ኖሯል። ልጁ ተመልሶ፣ እያለከለከና እየሣቀ፣ ቁራው ከየትኛው ዛፍ እንዳረፈ ለወንድሙ ሲነግረው፣ እኔ ዘወር ብዬ ሰዓቱን አየሁት። መንገዱ ስንት ሜትር እንደ ሆነ የለካው ስለሌለ ቊጥሩ ምንም ትርጕም የለውም። ሆኖም አየሁት፤ ቊጥሩንም እስካሁን አልረሳሁትም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታናሹ በታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ታላቁ ደብተሩን ከእጁ ወስዶ የቁራውን ክንፍ እርሱ ባየው ዐይነት በቀስታ ጨረሰለት። ከዚያም ወደኔ ዞሮ «እማዬ፣ ማክሰኞ ስሜን አስመዝግቢ። አንቺም ነይ፤ ግን ከመጨረሻው ገመድ አጠገብ ሳይሆን ከዛፉ ሥር ተቀመጪ» አለኝ። «ከዛፉ ሥር ሆኜ አንተን ማየት አልችልም» አልሁት። «እኔም አንቺን አላይሽም» አለ።

ስሙን ማክሰኞ አስመዘገብሁ። ዐርብ ማታ የሚቀጥለውን ሳምንት ዐዋጅ ስጽፍ፣ በጃን ሜዳው ረድፍ ሰዓት የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውሁት። በማግስቱ ጧት ሳየው ታናሹ በባዶው ቦታ ላይ ርግብ ሥሎበት አገኘሁት።